ራውተሩ አልሞተም፣ አትጣሉት

ግቢያችን ውስጥ አንድ ራውተር አለ። አምስት ቤት ይጠቀምበታል። ኔት የጠፋ ቀን ግን ጥፋተኛው አንድ ሰው ብቻ ነው። እኔ።

ሶፍትዌሩን የቀየርኩት እኔ ነኝና። ራውተር ፍላሽ ካደረጋችሁ በኋላ መብራት ሲዋዥቅ የእናንተ ጥፋት ነው። የአንዱ ስልክ ሞልቶ ሲንቀራፈፍም የእናንተ ጥፋት ነው። እትዬ ከማድ ቤት ብቅ ብለው «አንተ ልጅ፣ ደግሞ ምን ነካክተህ ነው?» ይላሉ። በዚህ ምክንያት መጠገን መማር ግድ ሆነብኝ። እዚህ የምጽፈው አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ ባለች ግቢ ውስጥ እየተወቀስኩ የተማርኩትን ነው።

ነገሩ አዲስ ለሆነባችሁ ባጭሩ ላስረዳ። ራውተር ትንሽ ኮምፒውተር ነው። ፋብሪካው የጫነበትን ሶፍትዌር አውጥቶ ሌላ መጫን ይቻላል። ይህ ነገር የጀመረው ሊንክሲስ እ.ኤ.አ. በ2002 መጨረሻ ገበያ ላይ ባወጣው ደብሊውአርቲ 54ጂ በሚባል ሰማያዊና ጥቁር ራውተር ነው። ውስጡ ሊኑክስ የሚባለው ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ሶፍትዌር እንዳለ ታወቀ። የሊኑክስ ፈቃድ ደግሞ «ለሌላ ካከፋፈላችሁት ኮዱን አውጡ» ይላል። በ2003 ኮዱ ወጣ። በ2004 ከዚያ ላይ ኦፕንደብሊውአርቲ የሚባለው ነጻ የራውተር ሶፍትዌር ተነሣ። ስሙ ምላስ ስለሚያስር እኔ «ኦፕን» ብቻ ነው የምለው። ዲዲ ደብሊውአርቲ እና ቶማቶ የሚባሉ ዘመዶችም አሉት። እኔ እጄን ያፈታሁት በኦፕን ስለሆነ ወሬዬም ስለ እሱ ነው።

አንድ ነገር ላስቀድም። ኢንተርኔት ስታስገቡ የሚሰጣችሁን የፋይበር ሳጥን አትንኩት። የእናንተ ንብረት አይደለም፤ ካበላሻችሁት ደግሞ ሙሉ ግቢው ወረፋ ይጠብቃል። ከእሱ ኋላ የራሳችሁን ራውተር ቀጥሉ። ሙከራችሁን እዚያ ላይ አድርጉ።

ገልብጣችሁ እዩት

ሥራው የሚጀምረው ከራውተሩ ሆድ ነው። ከታች የተለጠፈው ወረቀት ላይ ከሞዴሉ ቀጥሎ የስሪት ቁጥር አለ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ቲፒ-ሊንክ 841 ስሙ አንድ ነው፤ ውስጡ ግን በየስሪቱ ይለያያል። የስሪት 8ን ፋይል ስሪት 9 ላይ መጫን የሰው መነጽር አድርጎ መንገድ እንደመሻገር ነው።

የእኔ የመጀመሪያው ራውተር 841 ስሪት 9 ነበር። 4 ሜጋባይት ማከማቻ፣ 32 ሜጋባይት ራም። በዛሬ ዓይን ምንም ማለት ነው። ኦፕን ከ21.02 ስሪቱ ጀምሮ ቢያንስ 8 ሜጋ ማከማቻና 64 ሜጋ ራም ይጠይቃል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ዕቃ ቤታችሁ ካለ እጅ ማፍታቻ አድርጉት እንጂ ኑሯችሁን አትጣሉበት። የድሮው ሶፍትዌር የደኅንነት ማሻሻያ አያገኝም፤ አዲሱ ደግሞ አይገባበትም። አሁን የምትገዙ ከሆነ 16 ሜጋ ማከማቻና 128 ሜጋ ራም ያለው ፈልጉ። እኔ ያገለገለ አርቸር ሲ7 ገዝቼ እስካሁን አልተጸጸትኩም።

ቀጥሎ ፋይሉ። ለአንድ ሞዴል ብዙ ጊዜ ሁለት ፋይል ታገኛላችሁ። አንዱ «ፋክተሪ» ይላል፣ ሌላው «ሲስአፕግሬድ»። ከፋብሪካው ሶፍትዌር ወደ ኦፕን የምትሻገሩት በመጀመሪያው ነው። ከኦፕን ወደ አዲስ ኦፕን የምታድጉት በሁለተኛው ነው። «ስናፕሾት» የሚለውን፣ ገና እየተሠራ ያለውን ቅጂ፣ ለጊዜው እለፉት። እሱን ጭነው በብሮውዘር የሚከፈት ገጽ አጥተው «ተበላሸ» ብለው የመጡልኝ ሁለት ሰዎች አሉ። አልተበላሸም። ስናፕሾት ሲመጣ ገጹ አብሮት አይመጣም፣ በትእዛዝ መስመር ነው የሚገባው።

ፋይሉን በሞባይል ዳታ ካወረዳችሁት ደግሞ ድምር ቁጥሩን፣ ማለትም ፋይሉ ሳይበላሽ መውረዱን የሚያሳየውን ቁጥር፣ ሳታስተያዩ አትጫኑ። ከፋይሉ ጎን የተጻፈ ረጅም የሻ256 ቁጥር አለ። ዊንዶውስ ላይ ሰርትዩቲል የሚባለው ትእዛዝ የእናንተን ፋይል ቁጥር ያወጣላችኋል። ሁለቱ ከተለያዩ መልሳችሁ አውርዱ። አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

መብራት የሄደባት ሌሊት

ከምሽቱ 4 ሰዓት ነበር። ሆን ብዬ የመረጥኩት ሰዓት ነው፤ ግቢው ሲተኛ እንዳይሰድቡኝ። ፋይሉን ሰጠሁት። ገጹ ላይ ያለው መስመር መሙላት ጀመረ። ግማሽ ደረሰ። ጠቅ። ግቢው ጨለመ።

ላፕቶፑ ባትሪ አለውና ያ ግማሽ መስመር ፊቴ ላይ እያበራ ቀረ። ራውተሩ ግን ጭጭ።

መብራት ሲመለስ ራውተሩ ላይ ያሉት መብራቶች ሁሉ አንዴ ብልጭ ይላሉ፣ ይጠፋሉ። ደግሞ ብልጭ ይላሉ፣ ይጠፋሉ። ስነካው ይሞቃል። ኬብል ሰክቼ ብጠራው አይመልስም። «አለቀለት» ብዬ አልጋ ሥር ወረወርኩት። ሦስት ሳምንት እዚያው ተኛ።

ያልገባኝ ነገር ይህ ነበር። ራውተር ውስጥ ሁለት ነገር አለ። አንዱ ዋናው ሶፍትዌር ነው። ሌላው ቡትሎደር የሚባል ትንሽ ፕሮግራም ነው፣ እንደ ግቢ ዘበኛ። መጀመሪያ የሚነቃው እሱ ነው፤ በሩን ከፍቶ ዋናውን የሚያስገባው እሱ ነው። እኔ ያቋረጥኩት የዋናውን ጭነት ነው። ዘበኛው በቦታው ነበር። መብራቱ ደጋግሞ ብልጭ ማለቱም ዘበኛው «ሰውዬው የለም» እያለ እንደገና መጀመሩ ነው።

ብዙዎቹ የቲፒ-ሊንክ ራውተሮች ዘበኛቸው አንድ ደግ ጠባይ አለው። የሪሴት ቁልፉን ተጭናችሁ ካስነሣችሁት በኬብሉ በኩል ወጥቶ ፋይል ይለምናል። የሚለምነው ቲኤፍቲፒ በሚባል ቀላል የፋይል ማስተላለፊያ ነው። የእኔ 841 የሚፈልገው ኮምፒውተር አድራሻው 192.168.0.66 የሆነውን ብቻ ነው። አርቸር ሲ7ም እንዲሁ። ሌላ ሞዴል ሌላ አድራሻ ሊኖረው ስለሚችል የሞዴላችሁን ገጽ ከኦፕን መዝገብ አንብቡ።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። የላፕቶፑን ዋይፋይ አጥፉ። በኬብል ከራውተሩ ቢጫ ቀዳዳዎች አንዱ ጋር አገናኙት፤ ሰማያዊው የኢንተርኔት መግቢያ ነው፣ እሱን ተዉት። የኬብሉን አድራሻ በእጅ 192.168.0.66፣ ማስኩን 255.255.255.0 አድርጉ። ጌትዌዩን ባዶ ተዉት። ቲኤፍቲፒዲ64 የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም ክፈቱና ፋይሉ ያለበትን ፎልደር አሳዩት። የፋይሉን ስም የሞዴላችሁ ገጽ ላይ በተጻፈው ልክ ቀይሩት፤ አንድ ፊደል ብትሳሳቱ ዘበኛው አያውቃችሁም። አሁን ራውተሩ ጠፍቶ ሳለ ሪሴቱን ተጫኑ፣ ሳትለቁ አብሩት፣ አሥር ሴኮንድ ያህል ያዙት። ፕሮግራሙ ላይ ፋይሉ ሲሄድ ታያላችሁ። ከዚያ እጃችሁን ሰብስቡ። ቡና አፍሉ። ራሱ ተነሥቶ መብራቱ እስኪረጋ አምስት ደቂቃ ቢፈጅም አትንኩት።

ሲጻፍ ቀላል ነው። እኔ በመጀመሪያው ሙከራ አልተሳካልኝም፣ በሁለተኛውም፣ በሦስተኛውም።

መጀመሪያ የዊንዶውስ ፋየርዎል ነበር። ልመናው ላፕቶፑ ደጃፍ ላይ ይመለሳል፤ ፕሮግራሙ ምንም አያይም። ለጊዜው አጠፋሁት። ቀጥሎ ኬብሉ። ራውተሩ ሲጠፋና ሲበራ ዊንዶውስ «ኬብል ተነቀለ» ይላል። መልሶ እስኪያውቀው ሁለት ሦስት ሴኮንድ ይፈጃል። ዘበኛው ደግሞ ያን ያህል አይጠብቅም። ለዚህ መድኃኒቱ ተራ የኔትወርክ ስዊች መሐል ላይ ማስገባት ነው። ከአንድ ወዳጄ የፎቶ ኮፒ ቤት አምስት ቀዳዳ ያላት ስዊች ተበደርኩ። ከላፕቶፕ ወደ ስዊች፣ ከስዊች ወደ ራውተር። አሁን ላፕቶፑ የሚያየው ስዊቿን ስለሆነ ራውተሩ ቢጠፋም አይደነግጥም።

ያኔ ልመናው መታየት ጀመረ። ግን መልሱ «ፋይሉ የለም»። ፋይሉ እኮ ፊቴ አለ! ስሙን አሥር ጊዜ አነበብኩት። ልክ ነው። በመጨረሻ የፋይል ቅጥያ እንዲታይ ስከፍት ጉዱ ወጣ። ዊንዶውስ ቅጥያ ስለሚደብቅ፣ እኔ ስሙን ስቀይር መጨረሻው ላይ «ነጥብ ቢን» ብዬ ጽፌ፣ ከሥሩ ሌላ የተደበቀ «ነጥብ ቢን» ነበር። ሁለት ጅራት። አንዱን ቆረጥኩ። ሪሴት ተጫንኩ፣ አበራሁ። መስመሯ ሮጠች። ሦስት ሳምንት አልጋ ሥር የተኛው ዕቃ በአራት ደቂቃ ተነሣ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። በዚህ መንገድ የፋብሪካውን የራሱን ሶፍትዌር መመለስ ከፈለጋችሁ፣ ስሙ ውስጥ «ቡት» የሚል ቃል ያለበትን ፋይል እንዳለ አትስጡት። ያ ፋይል የራሱን ዘበኛ ይዞ ስለሚመጣ ቦታ ያዛባል።

ፍላሽ ስታደርጉ ደግሞ ራውተሩን ዩፒኤስ ላይ፣ መብራት ሲሄድ የሚይዘው ባትሪ ላይ፣ ሰኩት። ከሌለ ለራውተር የሚሆን ሚኒ ዩፒኤስ አለ። እሱም ከሌለ ጎረቤት ለምኑ። ያችን ሌሊት አትድገሟት።

መብራቶቹ ምን እያሉ ነው?

ሰዎች «ሞተ» ብለው ሲያመጡልኝ መጀመሪያ የማየው መብራቶቹን ነው።

ምንም መብራት ከሌለ አዳፕተሩን ጠርጥሩ። መብራት እየሄደና እየመጣ ብዙ አዳፕተር ይበላል። ስሪት 9 የ841 አዳፕተር 9 ቮልት፣ 0.6 አምፒር ነው። ሲ7 ስሪት 2 ደግሞ 12 ቮልት፣ 2.5 አምፒር ይፈልጋል። መሰኪያቸው ስለተመሳሰለ ብቻ የ12ቱን 9 ላይ አትሰኩ። ቮልቱ አንድ ይሁን፤ አምፒሩ ቢበልጥ ችግር የለውም፣ ካነሰ ግን ኃይል ባጠረው ቁጥር እየወደቀ ይነሣል።

ብልጭ እያለ እንደገና የሚጀምር ከሆነ ከላይ ያልኩት ነው፤ ዘበኛውን አናግሩት።

መብራቱ በደንብ ተነሥቶ ግን መግባት ካልቻላችሁ፣ ሶፍትዌሩ ደኅና ነው፣ የተበላሸው ቅንብሩ ነው። የይለፍ ቃል ረስታችሁ ይሆናል፣ ወይም ፋየርዎሉን ስትነካኩ ራሳችሁን ውጭ ዘግታችሁ ይሆናል። እኔ ሁለቱንም አድርጌአለሁ። እዚህ የሚያድነው «ፌልሴፍ» የሚባለው ነው። ላፕቶፑን 192.168.1.2 አድርጉ። ራውተሩን አብሩ። መብራቱ ብልጭ ብልጭ ማለት ሲጀምር ሪሴቱን ተጫኑ። ብልጭታው ከፈጠነ ገብታችኋል ማለት ነው። በኤስኤስኤች፣ ከላፕቶፑ ሆኖ በትእዛዝ መስመር መግቢያው፣ ወደ 192.168.1.1 በ«ሩት» ስም ግቡ፤ የይለፍ ቃል አይጠይቅም። «ፈርስትቡት» የሚለውን ትእዛዝ በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፉ፣ አዎ በሉት፣ ከዚያ «ሪቡት»። ቅንብሩ ሁሉ ይጠፋል፣ ኦፕን ግን ይቀራል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ግራ ይጋባል። ኦፕን ያለበትን ራውተር ሪሴት ብታደርጉት የቲፒ-ሊንክ ገጽ ተመልሶ አይመጣም። የሚመጣው ገና የተጫነ ኦፕን ነው። «ሪሴት አድርጌው እንኳ አልተመለሰም» የሚል ሰው አለ። ወዴት ይመለስ? ያኛው ቤት ፈርሷል።

ሪሴትን 30 ሴኮንድ ያዙ፣ ሳትለቁ ለ30 ሴኮንድ አጥፉ፣ አሁንም ሳትለቁ አብርታችሁ 30 ሴኮንድ ያዙ የሚል ምክር ትሰሙ ይሆናል። ያ ከዲዲ ደብሊውአርቲ የድሮ ዘመን የመጣ ነው። ለአዳዲስ ዕቃ አይሆንም፤ አንዳንዱን ጭራሽ ይጎዳል።

ተጭኗል፣ ግን ኔት የለም

በጣም የተለመደው «ብልሽት» ብልሽት አይደለም። ኦፕን አዲስ ሲጫን አብዛኛው ራውተር ላይ ዋይፋዩ ጠፍቶ ነው የሚነሣው። ስልካችሁ ላይ ስሙን ብትፈልጉ አታገኙም። በኬብል ግቡና አብሩት። የሚከፈተው ገጽ ሉሲ ይባላል። ከድንቅነሽ ጋር ዝምድና የላትም፤ ስሙ ምህጻር ነው። መጀመሪያ ስትገቡ የይለፍ ቃል የለም። ዋይፋዩን ከማብራታችሁ በፊት አንድ ስጡት።

ሁለተኛው የተለመደ ነገር ጠጉሬን ሊያስነጨኝ ነበር። ዋይፋዩ በርቷል፣ ስልኩ ተገናኝቷል፣ ኔት የለም። የፋይበር ሳጥኑ ላይ በቀጥታ ስሰካ ግን ኔት አለ። ሁለት ቀን ታገልኩ። ለካ እኛ ቤት ያለው ሳጥን ራሱን 192.168.1.1 ብሎ ይጠራል። ኦፕንም ሲነሣ ራሱን 192.168.1.1 ብሎ ይጠራል። በአንድ መንገድ ላይ የቤት ቁጥራቸው አንድ የሆነ ሁለት ቤቶች ማለት ነው። ፖስተኛው የት ይሂድ?

ይህን ለማወቅ ሉሲ ላይ የኢንተርኔት መግቢያውን አድራሻ እዩ። 192.168.1 ብሎ ከጀመረና የውስጡም እንዲሁ ከሆነ፣ ያው ነው። መጀመሪያ ከሳጥኑ የሚመጣውን ኬብል ንቀሉ። የውስጡን አድራሻ 192.168.10.1 አድርጉና አስቀምጡ። እዚህ ላይ ሉሲ አንድ ተንኮል አላት፣ ለበጎ የታሰበ። አድራሻ ስትቀይሩ «ሰውየው ከውጭ ቀርቶ ይሆናል» ብላ 90 ሴኮንድ ትጠብቃለች። በዚያ ጊዜ ውስጥ በአዲሱ አድራሻ ካልገባችሁ ሁሉንም ወደ ድሮው ትመልሰዋለች። ሰው «እቀይረዋለሁ፣ መልሶ ይቀየራል» የሚለው ለዚህ ነው። መፍትሔው ፍጥነት ነው። አስቀምጥ እንዳላችሁ የላፕቶፑን ኬብል ነቅላችሁ ሰኩ፣ አዲስ አድራሻ ይውሰድ፣ ወዲያው 192.168.10.1ን ክፈቱ። ወይም «ሳታረጋግጥ ተግብር» የሚለውን ምርጫ ውሰዱ።

ማታ ማታ 3 ሰዓት ላይ

በቀን ሠርቶ ማታ ኦንላይን የሚማር ልጅ ግቢያችን ውስጥ ተከራይቷል። «ሁልጊዜ 3 ሰዓት ላይ ይቆረጣል፣ የጫንከው ነገር ነው» አለኝ። እትዬም ደገፉት።

የራውተሩን ሎግ፣ የሆነውን ሁሉ ከነሰዓቱ የሚመዘግብበትን፣ ከፈትኩ። የመጀመሪያዎቹ መስመሮች ያለፈውን ሳምንት ቀን ይዘዋል። ከዚያ በድንገት ወደ ትናንት ይዘሉና 18:07 ላይ ይቀጥላሉ። ከእነዚያ መስመሮች በፊት ምንም የለም። 18:07 ማለት ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ7 ነው ብዬ አሰላሁ። በዚያ ሰዓት ማንም አልተማረረም። ስለዚህ ልጁ ተሳስቷል አልኩ። ተከራከርን። እንዲያውም ትንሽ ተኮራረፍን።

የተሳሳትኩት እኔ ነበርኩ። ራውተሩ የሰዓት ክልል አልተሰጠውም፤ በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው የሚቆጥረው። እኛ 3 ሰዓት እንቀድማለን። 18:07 የእኛ 21:07 ነው። 21:07 ደግሞ በሀበሻ አቆጣጠር ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ7። ልጁ በደቂቃ ልክ ነበር። ሉሲ ላይ የሰዓት ክልሉን «አፍሪካ፣ አዲስ አበባ» አድርጉት፤ ቢያንስ አንዱ ስሌት ይቀርላችኋል።

ሎጉ ከዚያ ማታ በፊት የሆነውን የማይዘው ለምንድን ነው? ኦፕን ሎጉን የሚይዘው ራም ላይ ስለሆነ ነው። ራውተሩ ጠፍቶ ሲነሣ ይሰረዛል። የሎግ አለመኖር ራሱ ምስክር ነው ማለት ነው። ሉሲ ፊት ለፊት ላይ ራውተሩ ከተነሣ ምን ያህል እንደቆየ የሚናገር መስመር አለ። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሳየው አሥር ሰዓት ገደማ ይላል። ወደ ኋላ ቁጠሩት፤ ማታ 3 ሰዓት ላይ ያርፋል። ራውተሩ ሳይሆን የሚቋረጠው መስመሩ ቢሆን ኖሮ ያ ቁጥር ቀናት ይል ነበር።

ማታ 3 ሰዓት ላይ ግቢያችን ውስጥ ምን ይሆናል? እትዬ ምጣድ ይሰካሉ። ለሱቅ እንጀራ ያቀርባሉ፤ ማታ መብራቱ ደኅና ስለሆነ ያኔ ነው የሚጋግሩት። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3 ሺህ 500 ዋት አካባቢ ይስባል። ራውተሩ ደግሞ ከዚያው መስመር በመጣ ዲቫይደር ላይ ነበር። ምጣዱ ሲሰካ ቮልቱ ሸብረክ ይላል። ቴሌቪዥኑ አይሰማውም። ደካማ አዳፕተር ያለው ራውተር ግን ወድቆ ይነሣል። ራውተሩን ከሌላ ክፍል ሶኬት ላይ አዞርኩት፣ አዳፕተሩን ቀየርኩ። አበቃ። እትዬ እስከ ዛሬ «አንተ አስተካክለኸው ነው እንጂ የእኔ ምጣድ ምን አደረገ» ይላሉ።

ሎግ ውስጥ ያየነው ያለፈው ሳምንት ቀንም የራሱ ጣጣ አለው። አብዛኛው የቤት ራውተር ውስጥ የሰዓት ባትሪ የለም። መብራት ሄዶ ሲመጣ ኦፕን ሰዓቱን የሚገምተው መጨረሻ ከተቀየረው የቅንብር ፋይል ነው። ትክክለኛውን ከኢንተርኔት እስኪያገኝ እዚያ ይቆያል። ብዙ ጊዜ ችግር የለውም። ግን የተመሰጠረ ዲኤንኤስ ካበራችሁ ክብ ውስጥ ትገባላችሁ። ዲኤንኤስ የድረ ገጽን ስም ወደ ቁጥር አድራሻ የሚቀይረው ነው። ሰዓቱ ስህተት ስለሆነ የዲኤንኤሱ ሰርተፊኬት አይታመንም። ዲኤንኤስ ስለሌለ የሰዓት ሰጪው ስም አይገኝም። መብራት በመጣ ቁጥር ኔት የሚጠፋባችሁና ከፋብሪካው ሶፍትዌር ጋር ይህ ያልነበረባችሁ ከሆነ፣ እዚህ ፈልጉ። የሰዓት ሰጪዎቹ ዝርዝር ውስጥ አንዱን በስም ሳይሆን በቁጥር ስጡት። የክላውድፍሌር 162.159.200.1 እኔ ጋ ይሠራል።

የቀሩት፣ ቶሎ ቶሎ

5 ጊጋኸርትዙ ዋይፋይ ከበራ በኋላ አንድ ደቂቃ ይዘገያል፣ አንዳንዴም በራሱ ይጠፋል? ቻናሉን እዩ። ከ52 እስከ 144 ያሉት ቻናሎች ከራዳር ጋር የሚጋሩ ናቸው። ራውተሩ ከመጀመሩ በፊት ቢያንስ 60 ሴኮንድ ማዳመጥ አለበት፣ ራዳር የሰማ ከመሰለው ደግሞ ለ30 ደቂቃ ይለቃል። የሀገር ኮዱን ኢትዮጵያ አድርጉና ከ36 እስከ 48 ባለው ላይ ቁረጡት።

አንድ አሮጌ ስልክ ብቻ አልገናኝ ካለ፣ ምስጠራውን ዳብሊውፒኤ3 አድርጋችሁት ይሆናል። ወደ ዳብሊውፒኤ2 መልሱት። የሰፈሩን ስልክ ሁሉ ማስቀየር አይቻልም።

የመስመር ማመጣጠኛውን፣ ኤስኪውኤም የሚሉትን፣ ካበራችሁ በኋላ ምንም ለውጥ ካላያችሁ፣ የሃርድዌር ፍጥነት ማፋጠኛውን አጥፉ። ሁለቱ አብረው አይሠሩም። ፍጥነቱንም ከለካችሁት ትንሽ ዝቅ አድርጉ፤ እኔ ከመቶ 90 ላይ ነው የማስቀምጠው።

«ቦታ የለም» ካለ የጫናችኋቸውን ጥቅሎች፣ ተጨማሪ ፕሮግራሞቹን፣ አራግፉ። አብረውት የመጡትን ማራገፍ ቦታ አያስለቅቅም፤ ከዋናው ምስል ውስጥ ታሽገው ነው ያሉት። ይህንኑ ተከትሎ፣ ጥቅሎችን አንድ በአንድ «ላሻሽል» አትበሉ። አዲሱ ቅጂ ከአሮጌው በላይ ስለሚጻፍ ቦታ በእጥፍ ይበላል። ማሻሻል ከፈለጋችሁ ሙሉውን ሶፍትዌር አሻሽሉ።

ሙሉውን ስታሻሽሉ «ቅንብሩን አቆይ» የሚል ሳጥን አለ። በአንድ ዋና ስሪት ውስጥ ከሆነ አቆዩት። ከ19.07 ወደ 21.02 ስሻገር ግን አቆይቼው ተቀጣሁ። በብዙ ራውተሮች ላይ የቀዳዳዎቹ አሰያየም በ21.02 ተቀይሯል፤ የድሮው ቅንብር የሌሉ ቀዳዳዎችን ይጠራል። መጠባበቂያውን አውርዱ፣ ሳጥኑን ባዶ አድርጉ፣ እንደገና በእጅ አስገቡ። ግማሽ ሰዓት ነው።

ዘበኛው ራሱ ከጠፋ ብቻ ነው ሽፋኑን የምትከፍቱት። ሰርኪዩቱ ላይ ብዙ ጊዜ አራት ቀዳዳ በተርታ አለ። 3.3 ቮልት የሆነ የዩኤስቢ ሲሪያል መቀየሪያ ያስፈልጋችኋል። መሬቱን ከመሬት፣ ላኪውን ከተቀባይ፣ ተቀባዩን ከላኪ። አራተኛውን፣ የኃይሉን፣ አትንኩት፤ ራውተሩ ኃይሉን ከራሱ አዳፕተር ያገኛል። ፍጥነቱ ብዙዎቹ ላይ 115200 ነው። ጽሑፍ ከወረደላችሁ ተስፋ አለ። ምንም ካልወረደ ላኪና ተቀባዩን አለዋውጡና አንዴ ሞክሩ፤ እኔ ሁለት ጊዜ ያሸነፍኩት በዚያ ነው። ከዚያ ውጭ ቺፑን አውጥቶ በመጻፊያ መጻፍ ነው፣ እሱን ለእጀ ቀጭኖች ተዉላቸው።

ሁሉም ሲሠራ ከደብተር ላይ ቁራጭ ወረቀት ቅደዱና የራውተሩ ሆድ ላይ ለጥፉ። አድራሻው፣ የሶፍትዌሩ ስሪት፣ የጫናችሁበት ቀን። የእኛው ላይ 192.168.10.1 ይላል። ከሥሩ አንዱ ተከራይ በቀይ እስክሪብቶ የእኔን ስልክ ቁጥር ጨምሮበታል።